የቦክስ ጓንት የማንን ጭንቅላት ይጠብቃል?

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ከክፍል ስንወጣ ቀረብ ብሎ፣ «መምህር፣ ከትምህርቱ ውጪ የሆነ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። ቦክስ መሥራት ከጀመረ አምስት ወሩ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከጓደኛው ጋር ስፓሪንግ ገጥሞ፣ ማለትም ለማሸነፍ ሳይሆን ለመማር የሚደረገውን የልምምድ ፍልሚያ አድርጎ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ራስ ምታቱ አልለቀቀውም። ሁለቱም ያጠለቁት 10 አውንስ የሚል ቁጥር ያለበት ጓንት ነበር፤ ያው ሁልጊዜ የተንጠለጠለውን ከረጢት የሚመቱበት። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ጭንቅላቴን እንዳያመኝ የትኛውን ጓንት ልግዛ?»

መጀመሪያ የነገርኩት የጓንቱን ነገር ትቶ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ነው። ከተመቱ በኋላ ሁለት ቀን የሚቆይ ራስ ምታት በሱቅ ዕቃ አይታከምም። ቀጥዬ ግን ጥያቄው ራሱ አንድ ነገር እንደሳተ ነገርኩት። አንተ የምትገዛው ጓንት የሚያርፈው በጓደኛህ ፊት ላይ ነው። የአንተን ጭንቅላት የሚነካው ደግሞ ጓደኛህ የገዛው ጓንት ነው። ታዲያ ሰው የቦክስ ጓንት ሲመርጥ ለማን ነው የሚመርጠው?

ይህ ጥያቄ የትናንት አይደለም። ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሲነሳ የኖረ ነው፤ መልሱም በየዘመኑ ተለዋውጧል። ታሪኩን ስንከተል ዛሬ በየሱቁ የተደረደሩት 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 16 የሚሉ ቁጥሮች ምን እንደሚነግሩንና ምን እንደሚደብቁን ግልጽ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጦር ሰፈር የተገኘ የተጣፈ ጓንት

በ2017 በሰሜን እንግሊዝ፣ በሃድሪያን ግንብ አቅራቢያ በሚገኘው ቪንዶላንዳ የተባለ የጥንት ሮማውያን ጦር ሰፈር፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሁለት ትንንሽ የቆዳ ዕቃዎችን ከመሬት አወጡ። የተቀበሩበት አፈር እርጥብና አየር የማያስገባ ስለነበር ቆዳው ሳይበሰብስ ቆይቷል። ዕድሜያቸው ወደ 120 ዓመተ ምሕረት ገደማ ይወስደናል። በ2018 ለሕዝብ ይፋ ሲሆኑ፣ ባለሙያዎቹ የቦክስ ጓንቶች ናቸው አሉ።

የዛሬውን ጓንት አይመስሉም። እጅን ሙሉ በሙሉ ከመሸፈን ይልቅ የጣቶችን መገጣጠሚያ ብቻ የሚሸፍኑ የቆዳ ትራስ ነገሮች ናቸው። ትልቁ ከአንድ ቁራጭ ቆዳ ተቆርጦ፣ ተጣጥፎ፣ ውስጡ ምት በሚያበርድ ሙሌት ተሞልቷል። ትንሹ ደግሞ በውስጡ የተጠማዘዘ ጠንካራ ቆዳ አለው። ሁለቱ የአንድ ጥንድ ግራና ቀኝ አይደሉም። ብረት የለባቸውም፤ በዚህም ምክንያት ለእውነተኛ ፍልሚያ ሳይሆን ለልምምድ የተሠሩ ሳይሆኑ አይቀርም ይባላል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ትልቁ ጓንት አንድ ቦታ ላይ ተቀድዶ በክብ ቁራጭ ቆዳ ተጥፏል። የባለቤቱ ጣቶች የተዉት ጉድጓድም እስከ ዛሬ ይታያል። አንድ ወታደር ይህን ጓንት እስኪቀደድ ተጠቅሞበት፣ ከመጣል ይልቅ ጥፎ ደግሞ አጥልቆታል። ለልምምድ የሚሆን ለስላሳ ጓንት ያኔም ዋጋ ነበረው ማለት ነው።

ግሪኮች ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር

ቦክስ በጥንታዊው የኦሊምፒክ ውድድር ውስጥ የገባው በ688 ዓመተ ዓለም ነው። ዙር የለም፤ የክብደት ምድብ የለም። አንዱ እስኪዘረር ወይም ጣቱን አንስቶ «በቃኝ» እስኪል ይቀጥላል። ተፋላሚዎቹ እጃቸው ላይ የሚጠመጥሙት ሂማንቴስ የሚባል ረጅም የበሬ ቆዳ ጠፍር ነበር። ሆሜር በኢሊያድ 23ኛ ክፍል ስለ ቦክስ ፍልሚያ ሲተርክም ይህንኑ የቆዳ ጠፍር ያነሳል።

ጠፍሩ የሚጠብቀው የመችውን እጅ ነው። የተመችውን ፊት ጭራሽ አይጠብቅም፤ እንዲያውም ይቀድደዋል። ከጊዜ በኋላ ጠፍሩ ይበልጥ ጠንካራና ጠርዙ የሰላ እየሆነ ሄደ። በ1885 ሮም ውስጥ የተገኘው «ያረፈው ቦክሰኛ» በመባል የሚታወቀው የነሐስ ሐውልት ውጤቱን ያሳያል፦ የተሰበረ አፍንጫ፣ ያበጠ ጆሮ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ደም እንዲመስል በመዳብ የተሠራ ቁስል። እጆቹ በጠንካራው የቆዳ ጠፍር እንደተጠመጠሙ ናቸው።

ግን እነዚሁ ግሪኮች ለልምምድ ሌላ ነገር ነበራቸው። ፕላቶ «ሕግጋት» በተባለው ድርሳኑ ስለ ወታደሮች ሥልጠና ሲጽፍ ቦክሰኞችን በምሳሌነት ያነሳል። ቦክሰኛ ለውድድር ሲዘጋጅ በጠፍሩ ፋንታ ስፋይራይ የሚባለውን ያደርጋል ይላል። ቃሉ «ኳሶች» ማለት ሲሆን የታጨቀ የልምምድ መከላከያ እንደሆነ ይታመናል። ይህን ያደረገ ሰው ጓደኛውን ሳይገድል ምቱንም ማምለጡንም በደንብ መለማመድ ይችላል። ከዚያ ፕላቶ ጨምሮ፣ የሚገጥም ጓደኛ ከጠፋ ደግሞ ነፍስ የሌለው ምስል ተሰቅሎ በእሱ ላይ መለማመድ እንደሚቻል ይናገራል።

ልብ በሉ፦ ስፓሪንግና ከረጢት መምታት፣ ሁለቱም እዚህ አሉ። በግሪክ የማሠልጠኛ ቤቶች ኮሪኮስ የሚባል የሚንጠለጠል ከረጢትም ነበር። እንደ ሰውየው አቅም በበለስ ፍሬ፣ በዱቄት ወይም በአሸዋ ይሞላ ነበር። ፊሎስትራቶስ የተባለው ጸሐፊ ለቦክሰኞች ቀለል ያለ ከረጢት እንደሚያስፈልግ፣ ከባዱ ለፓንክራቲዮን ታጋዮች እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ «ምን ላይ ነው የምመታው?» የሚለው ጥያቄ የዘመናዊ ጂም ፈጠራ አይደለም። ግሪኮች የሚገጥሙበት፣ የሚለማመዱበትና የሚመቱት ነገር ለየብቻው መታሰብ እንዳለበት ገብቷቸው ነበር።

ሮማውያን ለመድረክ ትርኢት ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ። ቨርጂል በኤኔይድ 5ኛ ክፍል እርሳስና ብረት የተሰፋበትን ሴስቱስ የተባለ የእጅ ጥምጥም ይገልጻል። በአንድ ዘመንና በአንድ ግዛት ውስጥ፣ ለሕዝብ ትርኢት የሚገድል ብረት፣ ለልምምድ ደግሞ እንደ ቪንዶላንዳው ያለ ለስላሳ ትራስ ነበር ማለት ነው።

ለጌቶች የተሠራ ለስላሳ ነገር

ወደ ለንደን፣ ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን እንሻገር። ያኔ በገንዘብ የሚደረገው ፍልሚያ በባዶ እጅ ነበር። የዘመኑ ታዋቂ ሻምፒዮን ጃክ ብሮተን በ1743 የመጀመሪያውን የታወቀ የቦክስ ደንብ አወጣ። የወደቀን ሰው መምታት ተከለከለ፤ የወደቀው ተነስቶ ለመቅረብ ግማሽ ደቂቃ ተሰጠው። ስለ ጓንት ግን ደንቡ ምንም አይልም።

ጓንቱ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ በር ነው። ብሮተን በ1747 በለንደን ሄይማርኬት ለመኳንንትና ለባለጸጎች የቦክስ ትምህርት ቤት ከፈተ። እነዚህ ሰዎች ጥበቡን መማር ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ዓይናቸው ጠቁሮ፣ መንጋጋቸው ተሰብሮ ወይም አፍንጫቸው ደምቶ እራት ግብዣ ላይ መቅረብ አይፈልጉም። ብሮተን በጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ ከእነዚህ ሁሉ የሚያድን «ማፍለር» የተባለ የታጨቀ ጓንት እንደሚያቀርብ ቃል ገባላቸው።

እንግዲህ ዘመናዊው ጓንት ሲወለድ የስፓሪንግ ጓንት ነበር። የታሰበውም ለተመችው ፊት ነው፤ ተመችው ከፋይ ደንበኛ ስለሆነ። ለገንዘብ የሚፋለመው ደሃ ግን በባዶ እጁ ቀጠለ። ብሮተን ራሱ በ1750 ከጃክ ስላክ ጋር ባደረገው ፍልሚያ ዓይኑ መካከል ተመቶ ማየት ሲያቅተው ተሸነፈ። ያኔ ማፍለር ያጠለቀለት አልነበረም።

የልምምዱ ጓንት ወደ ሪንግ ሲወጣ

ለመቶ ዓመት ያህል ነገሩ እንዲህ ቆየ፦ በትምህርት ቤት ጓንት፣ በፍልሚያ ባዶ እጅ። በ1867 ጆን ግራሃም ቻምበርስ አዲስ ደንብ አዘጋጀ፤ የኩዊንስቤሪው ማርኪስ ስሙን ስላዋሰው «የኩዊንስቤሪ ደንብ» ተባለ። የ3 ደቂቃ ዙር፣ የ1 ደቂቃ ዕረፍት፣ የወደቀው እንዲነሳ 10 ሰከንድ። ጓንቱም ተገቢ መጠን ያለው፣ ምርጥ ጥራት ያለውና አዲስ እንዲሆን ታዘዘ። «አዲስ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ለምን ጓንት? አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በባዶ እጅ የሚደረግ የገንዘብ ፍልሚያ በእንግሊዝ ወንጀል ነበር፤ በ1882 ፍርድ ቤት ተፋላሚዎቹ ቢስማሙም እንኳ ድብደባ ነው ብሎ ወሰነ። ጓንት ያደረገ ፍልሚያ ግን «የጥበብ ውድድር» ነው ተብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። ስፖርቱ በሕይወት የቆየው በከፊል በዚህ ቆዳ ስለተሸፈነ ነው።

ሽግግሩ በሁለት ፍልሚያዎች መካከል በግልጽ ይታያል። በሐምሌ 1889 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ጆን ኤል ሱሊቫን ጄክ ኪልሬንን በባዶ እጅ ገጠመው። ሕግ ስለሚከለክለው ቦታው በምስጢር ተይዞ ነበር። ፍልሚያው ከሁለት ሰዓት በላይ፣ 75 ዙር ፈጀ፤ ዙር የሚያልቀው አንዱ ሲወድቅ ነበርና። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1892፣ ይኸው ሱሊቫን በኒው ኦርሊንስ በ5 አውንስ ጓንት ጄምስ ኮርቤትን ገጠመና በ21ኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ወደ ባዶ እጅ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጠመዘዘው። ለትምህርት ቤት የተሠራው ጓንት ወደ ሪንግ ሲወጣ ሥራው ተለወጠ። የሰው እጅ 27 አጥንቶች አሉት፤ አብዛኞቹም ቀጫጭን ናቸው። የራስ ቅል ግንባር ደግሞ ጠንካራ ነው። በባዶ እጅ ግንባርን በሙሉ ጉልበት የመታ ሰው እጁን ይሰብራል። ስለዚህ የድሮዎቹ ተፋላሚዎች ይቆጥቡ ነበር፤ ሆድና ጎንም ዋነኛ ዒላማ ነበሩ። ጓንት ሲመጣ ይህ ፍርሃት ቀነሰ። እጁ የተጠበቀለት ሰው ጭንቅላትን ደጋግሞና ጠንክሮ መምታት ቻለ። የተቀደደ ፊት ቀነሰ፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው ምት ግን ቀነሰ ማለት አይቻልም። ይህ ሲባል የባዶ እጁ ዘመን የሰላም ዘመን ነበር ለማለት አይደለም፤ ያኔም ሰው ይሞት ነበር። ነጥቡ ጓንት አደጋውን ከማጥፋት ይልቅ ቦታውን እንደቀየረው ነው።

ሙሌቱ ምን ያደርጋል? ምንስ አያደርግም?

ነገሩን በቀላል ፊዚክስ እንየው። ከግንብ ላይ ወደ ድንጋይ ንጣፍና ወደ ጭድ ክምር መዝለል አንድ አይደለም። በሁለቱም የምትቆሙት ከአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው፤ ጭዱ ግን ቀስ ብሎ ያቆማችኋል። መቆሚያው ጊዜ እጥፍ ሲሆን አማካዩ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። የጓንት ሙሌትም እንዲሁ የምቱን ጊዜ ያረዝማል፤ በሰፊ ቦታም ይበትነዋል። ለዚህ ነው ቆዳ የማይቀደደው፣ ጣት የማይሰበረው፣ የዓይን ዙሪያ አጥንት የሚተርፈው።

ነገር ግን ከምቱ በኋላ ጭንቅላቱ ይዞት የሚሄደው እንቅስቃሴ የትም አይጠፋም። ታክሲ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ያለውን አስቡት። የመኪናው አካል አንዳች ሳይሆን ተሳፋሪው ወደፊት ይወረወራል። አንጎልም በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ ተሳፋሪ ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲዞር፣ በተለይ አገጭ ከጎን ሲመታ፣ አንጎል ተከትሎ ይጠመዘዛል፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮችም ይወጠራሉ። ቆዳው ላይ ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል።

በ1985 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎች የእንግሊዙን ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ፍራንክ ብሩኖን ቤተ ሙከራ አስገብተው ምቱን ለኩ። ጡጫው ዒላማው ላይ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 8.9 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከፍተኛው ኃይል ወደ 4,100 ኒውተን ደረሰ፤ 400 ኪሎ ግራም የሚያህል ነገር የሚጫነውን ያህል መሆኑ ነው። የጭንቅላት ምትክ ሆኖ የተቀመጠው ዕቃም ከምድር ስበት 53 እጥፍ በሆነ ፍጥንጥነት ተወረወረ።

ሐኪሞች ይህን ከፊዚክሱ ቀድመው በአልጋ ላይ አይተውታል። በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ደዌ ሐኪም ለዓመታት የተመቱ ቦክሰኞች አካሄዳቸው እንደሚንገዳገድ፣ ንግግራቸው እንደሚጎተት፣ ሐሳባቸው እንደሚደበዝዝ ጻፈ። የቦክስ ሰዎች ራሳቸው እነዚህን ሰዎች «በምት የሰከሩ» ይሏቸው ነበር። በ1973 ደግሞ በእንግሊዝ ኮርሴሊስና ባልደረቦቹ የ15 የቀድሞ ቦክሰኞችን አንጎል ከሞቱ በኋላ መርምረው ጉዳቱን በዝርዝር አሳዩ። እነዚህ ሰዎች በጓንት የተፋለሙ ነበሩ።

የራስ መከላከያ ነገርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ግዴታ ሆነ። በ2013 ግን ዓለም አቀፉ የአማተር ቦክስ ማኅበር ለአዋቂ ወንዶች አስቀረው፤ በ2016 ሪዮ ላይም ያለ እሱ ተወዳደሩ። ውሳኔው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብዙዎች የሚስማሙበት ግን መከላከያው ቁስልን እንደሚቀንስ፣ የአንጎል መናወጥን ግን እንደማያስቀር ነው።

አንድ አውንስ ሲጎድል

ታዲያ ጓንት አንጎልን ካልጠበቀ ሙሌቱ ቢበዛ ቢያንስ ምን ለውጥ አለው? ለዚህ መልሱ ሰኔ 16 ቀን 1983 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሆነው ነው።

ቢሊ ኮሊንስ ጁኒየር ያልተሸነፈ ወጣት ቦክሰኛ ነበር። ተጋጣሚው ሉዊስ ሬስቶ ብዙም የማይፈራ ሰው ነው። በ10 ዙሩ ውስጥ የኮሊንስ ፊት ከልክ በላይ አበጠ፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ተዘጉ። ፍልሚያው ሲያበቃ አሠልጣኙ የሆነው አባቱ ሬስቶን ሊጨብጥ እጁን ሲይዝ ጓንቱ ስስ ሆነበት፤ ወዲያው ጮኸ። ምርመራው እንዳረጋገጠው ከእያንዳንዱ ጓንት አንድ አውንስ ገደማ፣ ማለትም 28 ግራም ያህል ሙሌት ወጥቶ ነበር። ሬስቶና አሠልጣኙ ፓናማ ሉዊስ በ1986 ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ኮሊንስ ግን የዓይኑ ብሌን ዙሪያ ተቀድዶ እይታው ለዘለቄታው ተበላሸ፤ ዳግም አልተፋለመም። በ1984 በመኪና አደጋ ሞተ።

28 ግራም ጥቂት ሙሌት ነው። በፊትና በጡጫ መካከል ያለው ይህችው ነበረች። የኩዊንስቤሪ ደንብ ጓንቱ «አዲስ» ይሁን ያለው በከንቱ አይደለም። ሙሌት በምላጭ ተቀድዶ ሊወጣ ይችላል፤ በብዙ ምትም ተጨፍልቆ ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛው ወንጀል አይደለም፤ በየጂሙ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። ለተመችው ፊት ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። በጓንቱ ላይ ያለው ቁጥር የአንዱ ጓንት ክብደት እንጂ የእጅ ልክ አይደለም። አንድ አውንስ 28.35 ግራም ስለሆነ 10 አውንስ 284 ግራም ገደማ፣ 16 አውንስ ደግሞ 454 ግራም ገደማ ነው። በፕሮፌሽናል ፍልሚያ እስከ 66.7 ኪሎ ግራም የሚመዝኑት 8 አውንስ፣ ከዚያ በላይ ያሉት 10 አውንስ ያደርጋሉ። ይህ የውድድር መለኪያ ነው፤ ለልምምድ አይሆንም።

ለከረጢት ስትመርጡ የምትጠብቁት የራሳችሁን እጅ ነው። ከረጢቱ አንጎል የለውም። ስለዚህ ከ10 እስከ 14 አውንስ፣ ጠንከር ያለና መገጣጠሚያው ላይ ወፍሮ የተሰበሰበ ሙሌት ያለው፣ የእጅ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጓንት ይበቃል። ክብደታችሁ ሲጨምር ቁጥሩም ይጨምር። ከሥር ሁልጊዜ ፋሻ ጠምጥሙ፤ አዋቂ ሰው 4.5 ሜትር ያህል ይፈልጋል። የፋሻው ሥራ ማለስለስ ሳይሆን እነዚያን 27 አጥንቶች እንደ አንድ ነዶ አስሮ መያዝ ነው። ከረጢቱን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጆንያውን በአሸዋ ብቻ አትሙሉት። አሸዋ ወደታች ወርዶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ያኔ የትኛውም ጓንት እጃችሁን አያድነውም። ብጥስጣሽ ጨርቅ ይሻላል።

ለስፓሪንግ ስትመርጡ ግን የምትጠብቁት የጓደኛችሁን ፊት ነው። በብዙ ጂሞች ልማድ አዋቂ ሰው 16 አውንስ፣ ቀለል ያለ ሰው 14 ያደርጋል። ሙሌቱ ለስላሳና በጡጫው ሁሉ ላይ የተዘረጋ ይሁን። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ አውራ ጣቱ ከጓንቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን እዩ። የሚጣበቀው ማሰሪያ ጫፉ ተከፍቶ የሰው ፊት እንዳይቧጭር አጣብቁት። ሁለታችሁም በተመሳሳይ ክብደት ግጠሙ።

ከሁሉም በላይ ሁለቱን ጓንቶች አታቀላቅሉ። ከባድ ከረጢት ስፖንጁን በየቀኑ ይጨፈልቀዋል። ከወራት በኋላ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት አሁንም 16 አውንስ ይላል፤ ለስላሳነቱ ግን የለም። በአውራ ጣታችሁ ሙሌቱን ጫን አድርጉት። ወዲያው ካልተመለሰ ወይም ከሥሩ የራሳችሁ እጅ አጥንት ከተሰማችሁ፣ ያ ጓንት ሰው ፊት ላይ ማረፍ የለበትም። የጂሙ የጋራ ጓንት ላይም ይህንኑ ሞክሩ፤ ማንም ምን ሲመታበት እንደቆየ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጓንት ፈቃድ ነው ብላችሁ አታስቡ። 16 አውንስ አድርጌያለሁና በሙሉ ጉልበት ልምታ ማለት የ1892ን ስህተት በጂም ውስጥ መድገም ነው። ራሱን ያመመው፣ የዞረበት፣ ያስታወከው ወይም የሆነውን የረሳ ሰው በዚያው ቀን ይቁም፤ ሐኪም ሳያየውም አይመለስ።

ተማሪዬ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፉ ከምት እንዲርቅ ታዘዘ፤ ታዘዘም ብቻ ሳይሆን ጠበቀው። ከወራት በኋላ ሲያገኘኝ እሱና ጓደኛው ገንዘብ ቆጥበው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥንድ 16 አውንስ ጓንት እንደገዙ ነገረኝ። አሮጌዎቹን 10 አውንሶች አልጣሏቸውም። እንዳይሳሳቱ ብለው በማርከር ጽፈውባቸዋል፦ በአሮጌው ላይ «ለከረጢት»፣ በአዲሱ ላይ «ለሰው»።